የካርቱሙ ጳጳስ ልዌሊን ግዊን

ጌታችን ተላልፎ በተሰጠባት ሌሊት በእርሱ ያመኑት ሁሉ አንድ ይሆኑ ዘንድ አባቱን ለመነ። ይህን ልመና በሥራ ለመግለጥ ከደከሙት ባሮቹ አንዱን ዛሬ እናስባለን። ዘመናቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልዌሊን ግዊን በ1863 በዌልስ አገር ተወለዱ። በወጣትነታቸው እግር ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ በ1886 ግን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተሾሙ። በ1899 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ወደ ሱዳን ላካቸው። የኦምዱርማን ጦርነት ካለፈ ገና አንድ ዓመቱ ስለ ነበረ፥ መንግሥት ሁከት እንዳይነሣ ፈርቶ ለእስላሞች ወንጌል እንዳይሰበክ ከለከለ። ግዊን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ወታደሮችን በጸሎትና በትምህርት አገለገሉ፤ በ1902ም የኮፕት ክርስቲያኖች ሴቶች ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት በካርቱም ከፈቱ። እንግዲህ የአንድነት ሥራቸው የጎረቤትን ልጅ በማስተማር ተጀመረ እንላለን።

ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙባት በዚያች ከተማ ኮፕቶች፥ ግሪኮች፥ ካቶሊካውያንና ከአሜሪካ የመጡ ፕሪስቢቴሪያን ወንጌላውያን በየራሳቸው ሥርዓት እግዚአብሔርን ያመልኩ ነበር። በብዙ ሕዝብ መካከል ጥቂት ሆነው ሳሉ እርስ በርሳቸው ባይተዋወቁ፥ ስለ ፍቅር የሚሰጡትን ምስክርነት ማን ያምናቸው ነበር?

ግዊን በ1908 የካርቱም ጳጳስ ሆኑ፤ ካቴድራላቸውም በ1912 ተቀደሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ አገር ወታደሮችን ካጽናኑ በኋላ፥ በ1920 የግብጽና የሱዳን ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በ1921 በግብጽ የኅብረት ማኅበር መሠረቱ። በማኅበሩም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንና የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ልጆች ይቀራረቡ ጀመር። ማንም የአባቶቹን ቤት ትቶ ወደ ሌላው እንዲገባ አልተጠየቀም፤ የሚፈለገው መተዋወቅና መከባበር ነበር። ጳጳሱ በ1946 ከሹመታቸው ዐረፉ፥ በ1957 በ94 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ።

በ1971 የካርቱም ካቴድራል ከቤተ ክርስቲያን እጅ ወጣ። ነገር ግን በ1960ዎቹ የሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተቋቁሞ ስለ ነበረ ኅብረቱ ከሕንፃው ጋር አልጠፋም። በየካቲት 1972 የዓለምና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤዎች በሽምግልና ቆመው፥ ለ17 ዓመት ያህል የተዋጉት የሱዳን ወገኖች በአዲስ አበባችን የሰላም ውል ፈረሙ። ያ ሰላም እስከ 1983 ቆየ። ፍሬው ሁሉ የአንድ ሰው ነው አንልም፤ ብቻዋን የቆመች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ሽምግልና ባልቻለችም ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በአንድ ኰረብታ ላይ ሁለት ጸሎት ቤት ተሠርቶ ምእመናኑ ሰላምታ ሲነፋፈጉ እናያለን። ከግዊን እንማር፤ እምነታችንን ሳንለቅ የጎረቤታችንን ደጅ እናንኳኳ። የአንድነት አምላክ ይርዳን። አሜን።