ንጉሡና መጠጊያ ያጡት ወታደሮች
ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሕይወት የተወሰደ ታሪክ



ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ትቶ ቆላውን ይይዝና በመጨረሻ መተማ ይደርሳል። ከመተማ ፊት ለፊት ትንሹን ወንዝ ሲሻገር ገላባት የምትባለውን የሱዳን ከተማ ያገኛል፤ ከዚያም መንገዱ በሰፊው ሜዳ ላይ እየተዘረጋ ወደ ገዳሪፍ ይሄዳል። ይህ መንገድ በየዘመኑ ነጋዴና ምርኮኛ፥ ስደተኛና ወታደር ሲመላለስበት የኖረ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ መሞታቸውን ከልጅ እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ከሞታቸው አራት ዓመት ያህል አስቀድሞ በዚያው ስፍራ ያደረጉት አንድ ሥራ በብዙዎች ዘንድ ተረስቷል። እርሱም ቀድሞ ጠላቶቻቸው የነበሩትን፥ መንግሥታቸው ሊደርስላቸው ያልቻለውን ወታደሮች ከሞት አውጥተው በአገራቸው መካከል ማሳለፋቸው ነው። እኛም ዛሬ ልንተርክላችሁ የወደድነው ይህንኑ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በተምቤን የተወለዱ፥ በሕፃንነታቸው ካሳ የተባሉ የትግራይ መኳንንት ልጅ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ዙፋኑን ይዘው የነበሩትን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ ድል አድርገው፥ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ዘውድ ጫኑ። ከዚያ በኋላ የነበረው ዘመናቸው ዕረፍት የሌለበት ዘመን ሆነ። የግብፁ ገዢ ኬዲቭ ኢስማዒል የቀይ ባሕርን ዳርቻና የሱዳንን ምሥራቅ ይዞ ወደ ደጋው ሠራዊት ሰደደ። ዐፄ ዮሐንስም በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፥ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መግቢያ ደግሞ በጉራዕ ገጥመው ሠራዊቱን ሰበሩት። ይሁን እንጂ ግብፆች የቦጎስን አገር አለቀቁም፤ በከረን፥ በአሚዲብ፥ በከሰላና በገላባት የጦር ሰፈሮቻቸው እንደ ቆሙ ቀሩ። የድንበሩም ሰው ዘረፋና ሥጋት ሳይለየው ኖረ።

በ1873 ዓ.ም. በሱዳን መሐመድ አሕመድ የተባለው ሰው መሐዲ ነኝ ብሎ ተነሣ፤ ተከታዮቹንም የአገራችን ሰው ድርቡሽ ይላቸዋል። የግብፅ መንግሥት ግብር የከበደበትና ግፍ የበዛበት ሕዝብ ተከተለው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የግብፅ ጦር ሰፈሮች አንድ በአንድ ተከበቡ። የገዳሪፍ ጦር በ1876 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ካርቱምም በጥር 1877 ዓ.ም. ወደቀች። የገላባትና የጊራ፥ የከሰላና የአሚዲብ ወታደሮች ግን በየምሽጋቸው ተዘግተው ቀሩ። ወደ ግብፅ የሚወስደው የዓባይ መንገድ ተቆርጧል፤ በበረሃው ወደ ሱዋኪን የሚወስደውም ተቆርጧል። ከእነርሱ ጋር ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ነበሩ። የላካቸው መንግሥት በሩቅ ነው፤ በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ ጠልቷቸዋል፤ ወደ ምሥራቅ ቢመለከቱ ደግሞ የሚታያቸው አባቶቻቸውና ወንድሞቻቸው በጉንደትና በጉራዕ የወጉት የኢትዮጵያ ተራራ ነው። ለወታደር ከዚህ የከፋ ስፍራ የለም። በጦርነት የቆሰለ ሰው ቢያንስ ወገን አለው፤ መንግሥቱ የተወው ወታደር ግን ወገን የለውም።

በዚያ ጊዜ ግብፅን በእጃቸው ያደረጉት እንግሊዞች አድሚራል ዊልያም ሂዌትን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ላኩ። የግብፅም መንግሥት ሜሰን ቤይን ላከ። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. በዓድዋ ውል ተፈረመ። በውሉም የቦጎስ አገር ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲመለስ፥ በምጽዋ በኩል የሚያልፈው ዕቃ የጦር መሣሪያ ሳይቀር ነጻ እንዲሆን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ የከሰላ፥ የአሚዲብና የከረን ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል አልፈው ምጽዋ እንዲደርሱ እንዲረዱ ተጻፈ። የገላባትና የጊራ ወታደሮችም ኋላ በዚሁ ላይ ተጨመሩ።

ይህ ሥራ ከርኅራኄ ብቻ የመጣ ነው አንልም። ንጉሡ አገራቸውንና ወደባቸውን ፈልገዋል፤ ውሉም ጥቅም ነበረበት። ሆኖም በወረቀት ላይ ውል መፈረም አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ልኮ፥ ደም አፍስሶ የትናንቱን ጠላት ከከበባ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1877 ዓ.ም. በበጋው ወራት የኢትዮጵያ ጦር ወደ ገላባት ወርዶ የከበቡትን ድርቡሾች ወጋ፤ በምሽጉ የነበሩትንም ወታደሮችና ቤተ ሰዎች አወጣ። በዚያው ዓመት የጊራም ሰዎች እንዲሁ ወጡ።

ከመተማ እስከ ምጽዋ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ ያስተውላል። መተማ ከ1 ሺሕ ሜትር በታች ያለ ሐሩር ቆላ ነው። ጎንደር ከ2 ሺሕ ሜትር በላይ ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን ወገራን አልፎ ደባርቅ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ ከዚያም ሊማሊሞን ወርዶ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ እንደ ገና ወደ ዓድዋ መውጣት አለ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በወገራ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በቆላ ሙቀት የኖረ፥ ስስ ጨርቅ የለበሰ፥ በከበባ ረኃብ ሰውነቱ የደከመ ሰው በዚህ መንገድ ሲያልፍ ከጦር ያመለጠውን ነፍሱን ብርድ ሊወስድበት ይችላል። ለእንዲህ ያለ መንገደኛ ሕይወት ማለት ማደሪያ ቤት፥ እሳት፥ እንጀራና የሚደርበው ልብስ ነው። ይህም ሁሉ ሊገኝ የሚችለው ከደገኛው ገበሬ ቤት እንጂ ከነጋሥያን ውል አይደለም።

ይህን ስናስብ ነቢዩ ኤልሳዕ በሰማርያ ያደረገው ይታወሰናል። የሶርያ ወታደሮች በእጁ በወደቁ ጊዜ የእስራኤል ንጉሥ ሊገድላቸው ወደደ፤ ነቢዩ ግን እንጀራና ውኃ አስቀርቦላቸው ወደ ጌታቸው በሰላም አሰናበታቸው።

ነገር ግን መልካም ሥራ ሁሉ በዚህ ዓለም ዋጋውን አያገኝም። ከዓድዋው ውል በኋላ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ምጽዋን ያዙ፤ እንግሊዞችም አልከለከሏቸውም። ለንጉሡ ነጻ እንዲሆን የተጻፈው በር በሌላ ሰው እጅ ወደቀ። የከሰላ ወታደሮች እርዳታ ሳይደርስላቸው በሐምሌ 1877 ዓ.ም. በረኃብ ተሸንፈው እጃቸውን ሰጡ። ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት ድርቡሾችን ድል ቢያደርጉም፥ የኢትዮጵያ ልጆች ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ለከሰላም ጊዜው አልፎ ነበር። ድርቡሾችም የተከበቡትን ከእጃቸው ያወጣባቸውን ንጉሥ እንደ ጠላት ቈጠሩት። በጥር 1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ የተባለው አለቃቸው የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ብዙ ሰው ማርኮ ወሰደ።

ዐፄ ዮሐንስ ከሁለት ወገን በመጣ ጠላት መካከል ቆሙ፤ በምሥራቅ ኢጣልያ፥ በምዕራብ ድርቡሽ። ከድርቡሾች ጋር ሰላም ለማድረግ ቢልኩም መልሱ ስድብ ሆነ። ስለዚህ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ መተማ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የጦርነቱ ድል ወደ እርሳቸው ካዘነበለ በኋላ በጥይት ቆሰሉ፤ ከዚያም ቁስል ሞቱ። ንጉሡ መመታታቸው በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተበተነ። ድርቡሾች የሚያፈገፍገውን ጦር ተከትለው አስከሬናቸውን ማረኩ፤ ራሳቸውንም ቈርጠው ወደ ኦምዱርማን ላኩት። ከአራት ዓመት በፊት ወታደሮች ከሞት የወጡበት ስፍራ ለአውጪያቸው የሞት ስፍራ ሆነ። በሕይወት የተረፈውም የኢትዮጵያ ወታደር ንጉሥ አልባ ሆኖ፥ ክፉ ቀን ወደ ተባለው ረኃብ ከብቱ ወዳለቀበት አገሩ ተመለሰ።

እኛ ይህን ስንጽፍ ንጉሡን ያለ ነቀፋ የኖሩ ሰው አድርገን ልናቀርብ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላሞች በግድ እንዲጠመቁ ማዘዛቸው፥ ለውጭ አገር ሚሲዮናውያንም በር መዝጋታቸው የታወቀ ነው። እምነት በግድ እንደማይሰጥ እናውቃለን፤ በዚህም ብዙ ሰው መከራ ተቀብሏል፥ ተሰድዷልም። ሆኖም በራሳቸው አገር እስላሙን ያስጨነቁ ንጉሥ በገላባት እስላም የሆነውን የጠላት ወታደር ከነሚስቱና ከነልጁ ከሞት አወጡ። ሰው እንዲህ ነው፤ በአንድ እጁ ያፈርሳል፥ በሌላው ይሠራል። ያፈረሰውን አፈረሰ እንላለን፤ የሠራውን ግን ልንረሳው አይገባንም።

በዚያ ድንበር መሰደድም በዚያ ዘመን አላበቃም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት በተፈታ ጊዜ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር የኢትዮጵያ ወታደር ትጥቁን እየጣለ ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ የከሰላና የገዳሪፍ ሜዳም ተቀበለው። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በገዳሪፍ አገር በኡም ራኩባና በቱናይድባ ተጠለሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ፈለሱ፤ በኩመርና በአውላላም ተጠለሉ። ዛሬ የሚያስጠጋ ነገ ተጠጊ ይሆናል። ድንበሩ ይህን ለሁለቱም ሕዝብ አስተምሯል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚቀረን ምንድር ነው? መንግሥት የተወው ወታደር በመተማ ብቻ አልነበረም። በደጋ ከተሞቻችን የጦርነት ዘመን አልፎበት፥ ቤትም ጡረታም የሌለው፥ አንድ እግሩን ወይም ጤናውን በጦር ሜዳ ትቶ የመጣ ሰው በግንብ ሥር ተኮራምቶ የሚያድርበት ጊዜ አለ። የማን ወታደር ነበር፥ ከየትኛው ወገን ተዋጋ ብለን እንጠይቅ ይሆናል። ብርድ ግን ይህን አይጠይቅም። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት በደብረ ብርሃን ወይም በደባርቅ በሜዳ ያደረ ሰው፥ ልብሱ ከረጠበና ሆዱ ባዶ ከሆነ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ልናደርገው የምንችለውን እናድርግ። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስንሰጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ገለባ ወይም ጀንዲ አብረን እንስጥ፤ የተኛን ሰው ሙቀት ቀዝቃዛ መሬት ይወስድበታልና። የረጠበ ልብሱን አውልቀን ደረቅ እናልብሰው፤ ራሱንም እንሸፍንለት። አረቄ ያሞቃል የሚለው አሳብ ስሕተት ነው፤ ለጥቂት ጊዜ የሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። የሚንቀጠቀጠውን፥ አእምሮው ያልሳተ ከሆነ፥ ስኳር የገባበት ትኩስ ሻይ እናጠጣው። የደነዘዘ እግሩን አንሸው፥ ከእሳትም አናስጠጋው፤ ቀስ ብሎ ይሙቅ። በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ አናኑርለት፤ በዚህ መርዝ ብዙ ሰው በእንቅልፉ ሞቷልና። መንቀጥቀጡን ትቶ ንግግሩ የተሳሰረበት ሰው በሞት ደጅ ነው፤ ፈጥነን ወደ ሐኪም ቤት እናድርሰው።

ዐፄ ዮሐንስ ለሠሩት ሥራ የተሰጣቸው ዋጋ የተዘጋ ወደብና የመተማ ጥይት ነበር። እኛም ከምንረዳው ሰው ምስጋና ላናገኝ እንችላለን፤ ጦርነት ያቆሰለው ልብ አንዳንድ ጊዜ ይሳደባል፥ የተሰጠውንም ይሸጣል። ስለዚህ ዋጋ ፈልገን አንስጥ። በገላባት ምሽግ የነበሩት እናቶችና ሕፃናት ከሞት የወጡት፥ ንጉሡ ከዚያ በኋላ ባገኙት ወይም ባጡት ነገር አይደለም፤ በዚያች ቀን መንገድ ስለ ተከፈተላቸው ነው። በዚህ ዓመት ብርድም በደጃችን የተኛው ሰው የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ ከፊቱ ያለችውን አንዲት ሌሊት በሕይወት የሚያልፍበትን መንገድ።