የእንዶድን ኃይል በሳይንስ ያረጋገጡት ዶክተር አክሊሉ ለማ

የልብስ ማጠቢያው እንዶድ ለቢልሃርዝያ መከላከያ እንደሚውል በሳይንስ ያረጋገጡት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል።

ቢልሃርዝያ በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ በወሎ የቦርከና ሸለቆን ጨምሮ በበርካታ የሀገሪቱ አካባቢዎች ይገኛል። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ጥናት ሲያካሂዱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ሲጨምሩባቸውም ሞቱ።

ኃይሉ የሚገኘው ተክሉ በሚሠራው ሳፖኒን በተባለ ካርቦናዊ ውህድ ውስጥ ነው። የውህዱ አንድ ክፍል በካርቦን ቀለበቶች የተገነባና ከስብ ጋር የሚስማማ፣ ሌላው ደግሞ ከውሃ ጋር የሚስማማ ስኳር ነው። እንዶድ አረፋ የሚያወጣውና እድፍ የሚያስለቅቀው በዚሁ ባህርይ ሲሆን፣ የቀንድ አውጣን የሕዋስ ሽፋን የሚጎዳውም ይኸው ነው። በአሜሪካ ተለይቶ የታወቀው ንጥረ ነገር በስማቸው ሌማቶክሲን ተብሏል።

እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ ተቋማት በአፍሪካ የተገኘውን ውጤት ለመቀበል በውጭ ቤተ ሙከራዎች የሚካሄድ የደህንነት ፍተሻ በመጠየቃቸው፣ ሥራው ለረጅም ዓመታት ተጓትቷል። ፍተሻው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ በካናዳ የምርምር ድጋፍ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ከዚህ ገጠመኝ በመነሳት፣ የአፍሪካ ሀገሮች የራሳቸውን ግኝት ራሳቸው የሚመረምሩበትና የሚያረጋግጡበት አቅም ሊገነቡ እንደሚገባ አጥብቀው ያሳስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ውስጥም አገልግለዋል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1997 ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ዶክተር አክሊሉ የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።