አብርሃም ኦክፒክ፤ ቁጥርን በስም የለወጡት እንደራሴ

ከመቃብር በላይ ስም ይውላል ይባላል። በሰሜን ካናዳ የበረዶ ምድር ለሚኖረው ለኢኑይት ሕዝብ ይህ ቁም ነገር ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ ሳይሆን የዝምድናና የእምነት ሥርዓት ነበር። የሟች ስም ለሚወለደው ሕፃን ይሰጣል፤ ከስሙም ጋር የሟቹ ነፍስና ጠባይ ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል ተብሎ ይታመን ነበር። በዚህም የተነሣ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇን እናቴ ብላ ብትጠራ፣ ወይም አንድ ወንድ ልጅ የሟች አክስቱን ስም ቢይዝ የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ስሙ የወንድ ወይም የሴት ተብሎ አይለይምና። ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ መጠሪያም አልነበራቸውም።

ይህን ሕዝብ በመዝገብ ለማስፈር የተነሡት የመንግሥት ሠራተኞች ግን ግራ ተጋቡ። ስሞቹ ለጆሮአቸው እንግዳ፣ ለአጻጻፍም አስቸጋሪ ሆኑባቸው፤ አንዱን ስም ፖሊሱ በአንድ መንገድ፣ ሚሲዮናዊው በሌላ መንገድ ይጽፈው ነበር። ስለዚህ በ1941 (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለእያንዳንዱ ኢኑይት ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ክብ ሰሌዳ ታደለ። ሰሌዳው በክር ታስሮ በአንገት እንዲንጠለጠል ወይም በልብስ ላይ እንዲሰፋ ቀዳዳ ነበረው። በአንዱ ገጽ የዘውድ ምልክት፣ በሌላው ገጽ ደግሞ የወረዳው መለያና የሰውየው ቁጥር ሰፍሮበታል። ከ1945 ወዲህ የልጆች ማሳደጊያ አበል መከፈል ሲጀምር፣ አበሉም፣ የሆስፒታሉም፣ የትምህርት ቤቱም መዝገብ በዚሁ ቁጥር መሠረት ይያዝ ጀመር። ሰው በሰፈሩ በስሙ ቢታወቅም፣ በቢሮ ፊት ቁጥር ሆነ።

ይህን ቁጥር በስም ለመለወጥ በተደረገው ሥራ ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሣው ሰው አብርሃም ኦክፒክ ናቸው። ኦክፒክ በ1928 በማኬንዚ ወንዝ ደለላማ ምድር፣ በአክላቪክ አካባቢ ተወለዱ። ወገናቸው ኢኑቪያሉይት ይባላል፤ ይኸውም የምዕራብ አርክቲክ ኢኑይት ማለት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ወደ ሄርሸል ደሴት የመጡት የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከቦች ይዘውት በመጡት በሽታ ይህ ሕዝብ ክፉኛ አልቆ ነበር፤ የተረፈው ከአላስካ ከመጡት ዘመዶቹ ጋር ተቀላቅሎ እንደገና ያንሰራራ ትውልድ ነው። ኦክፒክ ያደጉት ኑሮው በአደን፣ በዓሣ ማስገርና በወጥመድ በሚያዘው አውሬ ቆዳ ላይ በተመሠረተ ኅብረተሰብ መካከል ነበር። በዚያው ዘመን በአክላቪክ የአንግሊካንና የካቶሊክ ሚሲዮኖች አዳሪ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች ከፍተው ስለ ነበር፣ የእርሳቸው ትውልድ የአባቶቹን ቋንቋና የእንግሊዝኛን ትምህርት ጎን ለጎን ይዞ የቆመ የመጀመሪያው ትውልድ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሁለቱን ቋንቋዎች መያዛቸው የኦክፒክን ዕጣ ወሰነ። የካናዳ መንግሥት በ1952 ስለ ኢኑይት ጉዳይ የሚመክር ኮሚቴ በኦታዋ አቋቁሞ ነበር፤ ነገር ግን ለሰባት ዓመታት ያህል ባለሥልጣኖች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ፖሊሶችና ነጋዴዎች ስለ ኢኑይት ሲመክሩ አንድም ኢኑይት አብሮ አልተቀመጠም። በ1959 አራት ኢኑይት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስብሰባው ሲጠሩ ከአራቱ አንዱ ኦክፒክ ነበሩ። በ1960ዎቹም ስለ ሕዝባቸው ማንነትና በአዲሱ ዘመን ግራ ስለ ተጋቡት አዳኞች በመጽሔት ጽሑፍ አቅርበዋል። የጽሑፎቻቸው ዋና አሳብ ቋንቋውን የጣለ ሕዝብ ራሱን እንደሚጥል ማስገንዘብ ነበር።

የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ምክር ቤት በዚያን ጊዜ ከፊሉ የተሾመ፣ ከፊሉ የተመረጠ ነበር። እስከ 1951 ድረስ አባላቱ በሙሉ በኦታዋ መንግሥት የሚሾሙ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ሦስት የተመረጡ አባላት ገቡ፤ ይሁን እንጂ የምርጫ ወረዳዎቹ በምዕራቡ የማኬንዚ አውራጃ ብቻ የተወሰኑ ነበሩ። ኢኑይት የአገሪቱን ፓርላማ አባላት የመምረጥ መብት ያገኙት በ1950 ቢሆንም፣ በምሥራቅ አርክቲክ ብዙዎች የድምፅ መስጫ ሣጥን ያዩት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ኦክፒክ በ1965 የምክር ቤቱ አባል ሆነው ሲሾሙ፣ በዚያ ሸንጎ የተቀመጡ የመጀመሪያው ኢኑይት ሆኑ። ሹመቱ ከሕዝብ ድምፅ የመነጨ ባይሆንም በሩን ከፈተ። በ1966 ለምሥራቁና ለመካከለኛው አርክቲክ ሦስት አዲስ የምርጫ ወረዳዎች ሲቋቋሙ፣ ሲሞኒ ማይክል የተባሉት ሰው በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ የመጀመሪያው ኢኑይት እንደራሴ ሆነው ከኦክፒክ ጎን ተቀመጡ።

የቁጥሩን ነገር በምክር ቤቱ ፊት ያነሡት እኒሁ ሲሞኒ ማይክል ናቸው። ሕዝባቸው በቁጥር ሳይሆን በስም መታወቅ እንደሚሻ አስረዱ። ምክር ቤቱም ነገሩን ተቀበለ፤ እያንዳንዱ ኢኑይት ቤተሰብ የራሱን መጠሪያ እንዲመርጥ የሚያደርግ ዘመቻ ታወጀ። የግዛቱ ኮሚሽነር ስቱዋርት ሆጅሰን ሥራውን እንዲመሩ የመረጧቸው የምክር ቤት ዘመናቸውን በ1967 የፈጸሙትን ኦክፒክን ነበር።

ከ1968 እስከ 1971 ድረስ ኦክፒክ በአውሮፕላን፣ በበረዶ ሸርተቴና በእግር ከሰፈር ወደ ሰፈር ተዘዋወሩ። ጉዞው ከማኬንዚ አፍ እስከ ባፊን ደሴት፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሰሜን ኩቤክ የተዘረጋ ነበር። የምዕራቡ ተወላጅ የምሥራቁን አነጋገር ተምረው፣ በየቤቱ ገብተው፣ ቤተሰቡ በምን ስም ሊጠራ እንደሚወድ ጠየቁ። ብዙዎች የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም መረጡ። ሥራውን አንድ ከኦታዋ የመጣ ጸሐፊ ቢሠራው ኖሮ የስም ዝርዝር ብቻ ይዞ በተመለሰ ነበር፤ ኦክፒክ ግን የሚጠይቁት ነገር በሰዎቹ ዘንድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ይሁን እንጂ የዚህ ሥራ ውጤት ሁሉ መልካም ነበር ማለት አይቻልም። የቤተሰብ መጠሪያ ራሱ ከደቡብ የመጣ ሥርዓት ነው። የሟች ስም በሕያው ላይ እንዲያርፍ፣ ወንድና ሴት ሳይለይ እንዲዞር በሚፈቅደው በጥንቱ ልማድ ላይ፣ ከአባት ወደ ልጅና ከባል ወደ ሚስት ብቻ የሚሄድ ሥርዓት ተጫነበት። ጊዜው አጭር፣ አገሩም ሰፊ ስለ ነበረ፣ የቤቱ አባወራ ብቻ ተጠይቆ ሚስትና ልጆች ሳይማከሩ የተመዘገቡበት ጊዜ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሌሉበት አዲስ ስም ወጥቶላቸው ያገኙ ወጣቶችም ነበሩ። የአጻጻፍ ስሕተትም አልጠፋም፤ አንዳንድ ሰዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ስማቸውን በፍርድ ቤት ለማሳረም ተገደዋል። ትክክለኛው ፍርድ እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ መሆን አለበት። ዘመቻው ሰውን ከቁጥር አውጥቷል፤ ግን ያስገባው መንግሥት ወደሚያውቀው ዓይነት ስም ነው። ኦክፒክ ሥራውን ባይቀበሉት ቁጥሩ ለተጨማሪ ዓመታት በቆየ ነበር፤ ወይም ሌላ ሰው ቋንቋውን ሳያውቅ በሠራው ነበር። ከሁለት ጉዳት መካከል አነስተኛውን መምረጥ የመጀመሪያ እንደራሴዎች ሁሉ ዕጣ ነው።

ከዚህ በኋላም ኦክፒክ በመንግሥትና በሕዝብ መካከል የድልድይነት ሥራቸውን አላቋረጡም። በ1974 ዳኛ ቶማስ በርገር በማኬንዚ ሸለቆ ሊዘረጋ የታቀደውን የጋዝ ማስተላለፊያ ቧንቧ ጉዳይ እንዲመረምሩ ተሾሙ። ዳኛው እንደ ወትሮው በከተማ ተቀምጠው ባለሙያዎችን ብቻ ከመስማት ይልቅ በሠላሳ አምስት ሰፈሮች እየተዘዋወሩ የአዳኞችንና የአሮጊቶችን ቃል ሰሙ። የካናዳ ራዲዮ ድርጅት የሰሜን አገልግሎት ደግሞ በየቀኑ የተነገረውን በአካባቢው ሕዝቦች ቋንቋዎች የሚያሠራጩ ጋዜጠኞችን አሰማራ፤ ለኢኑቪያሉይት የዘገቡት ኦክፒክ ነበሩ። በቦፎርት ባሕር ዳርቻ ያለ አንድ አዳኝ፣ በሌላው ሰፈር ያለው ዘመዱ ስለ መሬቱና ስለ ባሕሩ የሰጠውን ምስክርነት በዚያው ምሽት በራሱ ቋንቋ ይሰማ ነበር። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ስለ ቧንቧ ግፊት፣ ስለ ጉድጓድ ቁፋሮና ስለ ሕግ የሚነገረውን፣ እነዚህ ቃላት ወደሌሉበት ቋንቋ አፍታትቶ ማስረዳትን ይጠይቅ ነበር። በ1977 የወጣው የበርገር ዘገባ በማኬንዚ ሸለቆ ቧንቧው ለአሥር ዓመት እንዲዘገይ፣ በሰሜን ዩኮን ግን ጨርሶ እንዳይዘረጋ አሳሰበ። ሕዝቡ አውቆ ሊናገር የቻለው የሚባለውን በቋንቋው ስለ ሰማ ነው፤ በዚህም የኦክፒክና የባልደረቦቻቸው ድርሻ ትንሽ አይደለም።

ኦክፒክ በ1976 የካናዳ ኒሻን ተሸለሙ። የኋለኛውን ዕድሜያቸውን ከተወለዱበት ምድር እጅግ ርቀው፣ በባፊን ደሴት በሚገኘው በኢቃሉይት ከተማ አሳልፈው በ1997 በዚያው ዐረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ አብዛኛው ነዋሪው ኢኑይት የሆነው የኑናቩት ግዛት በዚያው ከተማ መቀመጫውን አድርጎ ተቋቋመ። የሕይወት ታሪካቸውን የያዘው መጽሐፍም በ2005 በኑናቩት ታተመ።

በኢቃሉይት አጠገብ በአፔክስ መንደር የሚገኘው የሕዝብ መሰብሰቢያ አዳራሽ ዛሬ በአብርሃም ኦክፒክ ስም ይጠራል። በበሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ስም ነው። መዝገብ የሚይዙ፣ ቅጽ የሚያዘጋጁና በሕዝብ ስም የሚናገሩ ሁሉ ከዚህ ሰው ሕይወት የሚማሩት ቢኖር ይህ ነው፤ ብዕሩ ከመነሣቱ በፊት ባለቤቱ በገዛ ቋንቋው ሊጠየቅ ይገባል፤ የተጠየቀውም የቤቱ አንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይገባም።