የአባ ቴያር ዋሻና ጥቁሩ ባልጩት

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በመኪና ስመላለስ መተሐራ ከመድረሴ በፊት በመንገዱ ዳር የተነጠፈውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ድሬዳዋ አጠገብ ካለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ጋር ዝምድና ይኖረዋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ነገሩን የተረዳሁት ዋሻውን ለሳይንስ ካስተዋወቁት ሰዎች የአንዱን ታሪክ ሳነብ ነው።

ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን እ.ኤ.አ. በ1881 በፈረንሳይ ኦቨርኝ፣ የጠፉ እሳተ ገሞራዎች በሞሉበት አገር ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ብረትና ድንጋይ መሰብሰብ ይወዱ ነበር። በ1899 የኢየሱሳውያንን ማኅበር ተቀላቀሉ። በካይሮ ፊዚክስና ኬሚስትሪ አስተማሩ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ ተሸካሚ ሆነው አገለገሉ፤ በ1922 ደግሞ በፓሪስ ዶክትሬታቸውን አገኙ።

ፈተና የገጠማቸው ከገዛ ቤታቸው ነው። ዝግመተ ለውጥን ከእምነታቸው ጋር ለማስታረቅ በመጻፋቸው አለቆቻቸው ከማስተማር ሥራቸው አንሥተው ወደ ቻይና ላኳቸው። በ1928 መጨረሻ የቀይ ባሕሩ ኮንትሮባንዲስትና ደራሲ አንሪ ደ ሞንፍሬድ እንግዳ ሆነው ወደኛ አካባቢ መጡ። የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ለሳይንሱ ዓለም የታወቀው በዚሁ ጉዟቸው፣ በ1929 ነው።

በ1933 አባ ብሮይና ዌርነርት ዋሻውን ቆፈሩ። በ1970ዎቹም ቁፋሮው ቀጠለ። ከተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ጥቂቶቹ ከባልጩት፣ ሳይንቲስቶች ኦብሲዲያን ከሚሉት እንደ መስታወት ከሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ የተሠሩ ነበሩ። ከየት እንደመጣ ግን በዓይን አይታወቅም።

መልሱ የተገኘው በ2006 ነው። እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ የሚተፋው ባልጩት የራሱ የሩቢዲየምና የዚርኮኒየም መጠን ስላለው በኤክስሬይ ሲመረመር እንደ ጣት አሻራ ይለያል። ኢትዮጵያዊው አጋዚ ነጋሽና አሜሪካዊው ስቲቨን ሻክሌይ በዚህ ዘዴ የዋሻውን ባልጩት ከሦስት ቦታዎች አገናኙት፤ ገዳሙን ከምናውቅበት አሰቦት፣ ገዋኔ አጠገብ ካለው አየሉ ተራራና ከመተሐራ ወዲህ ካለው ኮኔ። ኮኔ ከዋሻው 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ፣ የጭነት ከብት በሌለበት ዘመን፣ ያ ድንጋይ ያን ያህል መንገድ የተጓዘው በሰው እግር ብቻ ነው። ወይ ራሳቸው ሄደው አምጥተውታል፣ ወይም ከጎረቤት ጎረቤት እየተቀባበሉ አድርሰውታል።

አባ ቴያር ዕድሜ ልካቸውን ያሰቡት የሰው ልጅ ተበታትኖ እንደማይቀር፣ ይልቁንም እየተሳሰረ እንደሚሄድ ነበር። ይህን የጻፉባቸውን ዋና ዋና መጻሕፍት እንዳያሳትሙ ተከለከሉ። በ1955 በፋሲካ ዕለት ኒው ዮርክ ውስጥ አረፉ፤ መጻሕፍቱ የታተሙት ከዚያ በኋላ ነው። ከጥንታዊው የመተሳሰር ምልክት አንዱ እሳቸው በገቡበት ዋሻ ወለል ሥር ተቀብሮ ነበር፤ የተነበበው ግን ከሞቱ ከ51 ዓመት በኋላ ነው።

እኔም ያን የመተሐራ መንገድ ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ አላልፈውም።