ተሸንፎ ወደ ቀዬው የተመለሰው ጆን አዳምስ

ምርጫ ማሸነፍን የሚያስተምር ብዙ ነው፤ ተሸንፎ ከአገር ሰው ጋር አብሮ መኖርን የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የሁለተኛውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆን አዳምስን ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዳምስ በ1735 በማሳቹሴትስ፣ ብሬንትሪ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ገበሬና ጫማ ሰፊ ሲሆን በመንደሩ ሸንጎም ተመርጦ ያገለግል ነበር። በዚያ አገር ንብረት ያላቸው ወንዶች በአንድነት ተሰብስበው ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ግብር መክረው ድምፅ ይሰጡ ነበር። ሴቶችና ድሆች ከዚህ መብት ውጭ ነበሩ። አዳምስ በ1755 ከሃርቫርድ ተመርቆ ጥቂት ካስተማረ በኋላ ጠበቃ ሆነ። በ1765 እንግሊዝ የቴምብር ቀረጥ በጣለች ጊዜ የመንደሩን የተቃውሞ ጽሑፍ ያረቀቀው እርሱ ነው። በማግሥቱም ዓመት እንደ አባቱ የመንደሩ ተመራጭ ሆነ።

በ1770 የእንግሊዝ ወታደሮች ቦስተን ላይ ተኩሰው አምስት ሰው ገደሉ። አዳምስ የእንግሊዝን አገዛዝ የሚቃወም ቢሆንም ማንም ሰው ያለ ጠበቃ መፈረድ የለበትም ብሎ ቆመላቸው። ከስምንቱ ወታደሮች ስድስቱ ነፃ ወጡ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር፤ ሆኖም በዚያው ዓመት ለምክር ቤት መረጠው።

በ1796 ወዳጁን ቶማስ ጄፈርሰንን 71 ለ68 አሸንፎ ፕሬዚዳንት ሆነ። ያን ጊዜ አገሪቱ በሁለት ፓርቲ ተከፍላ ነበር። በ1798 መንግሥትን የሚነቅፉ ጸሐፊዎችን የሚያሳስር ሕግ ፈረመ። ይህ የስሙ ትልቅ ጉድፍ ነው፤ ክፍፍሉንም አባባሰው። በ1800 ምርጫ 73 ለ65 በጄፈርሰን ተሸነፈ። መጋቢት 4 ቀን 1801 የተተኪውን ሹመት ሳያይ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከዋና ከተማው ወጣ። ኩርፊያው ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ሥልጣኑን ያለ አንዳች ግርግር አስረከበ።

ሁለቱ ሰዎች ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል ተኳርፈው ቆዩ። የሁለቱም ወዳጅ የነበረው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ግን እንደ አገር ሽማግሌ አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ እየጻፈ አልተዋቸውም። በመጨረሻም ጥር 1 ቀን 1812 አዳምስ ለጄፈርሰን ደብዳቤ ላከ። ከዚያ እስከ ሞታቸው ከ150 የሚበልጡ ደብዳቤዎች ተጻጻፉ። የሚበዙትን የጻፈው አዳምስ ነው፤ አንዱን ሲመልሱለት ሁለት ይልክ ነበር። ስለ ፈረንሳይ አብዮት፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ባላባት ሥርዓት ተከራከሩ እንጂ ማንም አቋሙን ለመታረቅ ሲል አልጣለም። ይሁንና ዕርቁ ጉድለት ነበረው። አዳምስ ባሪያ ገዝቶ አያውቅም፤ ጄፈርሰን ግን በመቶ የሚቆጠሩ ባሮች ነበሩት። ይህን ትልቅ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነኩት አለፉ።

አዳምስ ቤቱ ገብቶም አልተቀመጠም። በ1820፣ በ85 ዓመቱ፣ የከተማው ሰዎች የማሳቹሴትስን ሕገ መንግሥት ለሚያሻሽለው ጉባኤ መረጡት። በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንት መራጭ ሆኖ ድምፁን ለጄፈርሰን ፓርቲ ሰው ለጄምስ ሞንሮ ሰጠ። በ1822 ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት እንዲሠራበት መሬቱን፣ እንዲሁም መጻሕፍቱን ለከተማው አበረከተ። ሐምሌ 4 ቀን 1826 አረፈ፤ ጄፈርሰንም ያረፈው በዚያው ቀን፣ ከእርሱ ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በየማኅበሩ ከምርጫ በኋላ የተሸነፈው ወገን ከስብሰባ ሲቀር፣ ያሸነፈውም ማንም አያስፈልገኝም ሲል ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሁለቱንም ወገን ደጃፍ የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል። ረሽ ሥልጣን አልነበረውም፤ የነበረው የሁለቱ አመኔታና ትዕግሥት ነው። በመካከላችን እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት ሁሉ ሌላው እስኪጀምር ሳይጠብቅ ይነሣ።