ስም የሌለው ግጥም

እ.ኤ.አ. በ1893 በእንግሊዝ አገር የተወለዱት አይቨር አርምስትሮንግ ሪቻርድስ፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ የገጣሚው ስም ያልሰፈረባቸውን ግጥሞች ለተማሪዎቻቸው ያድሉ ነበር። ተማሪዎቹም በሳምንት ጊዜ ውስጥ ደጋግመው አንብበው፣ የተረዱትንና የፈረዱትን በጽሑፍ ይመልሳሉ። ከመልሶቹ ውስጥ የታላላቅ ገጣሚያንን ሥራ የሚያጣጥሉ፣ ተራውን የሚያሞግሱ በርካታ ነበሩ። ሪቻርድስ የስሕተቱን ምንጭ ለይተው መደቡት፤ ይኸውም የቃሉን ግልጽ ትርጉም መሳት፣ የግል ትዝታ ጣልቃ መግባት፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ስሜት። አንባቢው ሐሳቡን በወረቀት ባያሰፍር ኖሮ ይህ ሁሉ ተሸሽጎ በቀረ ነበር። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1929 «ፕራክቲካል ክሪቲሲዝም» በተሰኘው መጽሐፋቸው አሳተሙት፤ እ.ኤ.አ. በ1979ም በካምብሪጅ ዐረፉ። ንድፍን በፈራሚው ዝና ሳይሆን በስሌቱ መመዘን ለሚገባን መሐንዲሶችም ትምህርታቸው እንግዳ አይደለም።