ፒየር ሲሞን ላፕላስና የምሕዋሮች ስምምነት

ፒየር ሲሞን ላፕላስ በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 23 ቀን 1749 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ ተወለደ። ለክህነት ታስቦ በካን ከተማ የሥነ መለኮት ትምህርት ቢጀምርም ልቡ ወደ ሂሳብ ስላዘነበለ በሃያ ዓመቱ ገደማ ወደ ፓሪስ አቀና። በዚያም ዳላምቤር ችሎታውን ተመልክቶ በወታደራዊው ትምህርት ቤት የመምህርነት ሥራ አስገኘለት፤ በ1773 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ።

በዚያን ዘመን የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን እንቅልፍ የነሳ አንድ ችግር ነበር። የጥንቱና የአዲሱ ምልከታ ሲነጻጸር ጁፒተር እየፈጠነ፣ ሳተርን እየዘገየ የሚሄድ መሰለ። ይህ ከቀጠለ ጁፒተር ወደ ፀሐይ ሊቀርብ፣ ሳተርንም ሊርቅ ነው፤ የኒውተን የስበት ሕግም ለጥርጣሬ ይጋለጣል። ኦይለርና ላግራንዥ ሞክረውት አጥጋቢ መልስ አላገኙለትም።

ላፕላስ መፍትሔውን በ1785 አቀረበ። ጁፒተር ፀሐይን አምስት ጊዜ ለመዞር 59.3 ዓመት፣ ሳተርን ሁለት ጊዜ ለመዞር 58.9 ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የእርስ በርስ ስበታቸው ደካማ ቢሆንም፣ ዥዋዥዌን ጊዜውን ጠብቆ እንደሚገፋ እጅ፣ በአንድ አቅጣጫ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነው። ስምምነቱ ፍጹም ስላልሆነ ግን ግፊቱ ውሎ አድሮ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ሙሉ ዑደቱ 900 ዓመት ያህል ነው። የተፋጠነው ይዘገያል፤ የዘገየውም ይፋጠናል። ጋኒሜድ የተባለችው የጁፒተር ጨረቃ አንድ ጊዜ ስትዞር ዩሮፓ ሁለት፣ አዮ አራት ጊዜ መዞራቸው በስበት ተጠብቆ የሚኖር መሆኑንም ያስረዳው እሱ ነው።

ስለ ሹመቱ ብዙ ማለት አያሻም፤ ናፖሊዮን በ1799 የአገር ግዛት ሚኒስትር አድርጎት በስድስት ሳምንት ሽሮታል። ይልቅስ የሚያስደንቀው በ1796 ስለ ዓለም ሥርዓት ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ሐሳብ ነው። እፍጋቱ እንደ መሬት፣ ስፋቱ ከፀሐይ 250 እጥፍ የሆነ ኮከብ ቢኖር ከስበቱ ብርታት የተነሣ ብርሃኑ ከእሱ ሊያመልጥ አይችልም። እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ሚሼል በ1783 ቀድሞት ነበር። ላፕላስ ግን ከ1808 እትም ጀምሮ ሐሳቡን ከመጽሐፉ አወጣው።

ማርች 5 ቀን 1827 ሲሞት ሁለቱ ሐሳቦቹ እንደ ተራራቁ ነበሩ። ሮይ ኬር በ1963 የሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድን የሚገልጸውን ቀመር ካገኘ በኋላ ግን ተገናኙ። በእንዲህ ያለው ጉድጓድ ዙሪያ የሚጓዝ አካል የሚቀርብበትና የሚርቅበት ጊዜ፣ ከፍ ዝቅ ከሚልበት ጊዜ ይለያል። የሁለቱ ንጽጽር እንደ ሁለት ለሦስት ያለ ሲሆን ጥቃቅን ግፊቶች እንደ ጁፒተርና ሳተርን ይጠራቀማሉ፤ ወደ ጉድጓዱ እየተጠመዘዘ የሚወርደውም አካል መንገዱን በድንገት ይለውጣል።